ስለ ሕያው ዐጥር

ሰው ስለ ገነት ሲያስብ በዓይነ ልቡናው አስቀድሞ የሚያየው አበባውንና ፍሬውን፥ ጥላውንና ምንጩን ነው፤ ዐጥሩን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ቋንቋዎችን ጠይቀን እንደ ሆነ የምናገኘው መልስ ከዚህ የተለየ ነው። ገነት የሚለው የግእዝ ቃል ከዕብራይስጡ ‹ጋን› ጋራ የአንድ ሥር ልጅ ነው፤ የሥሩም ምሥጢር መጋረድ፥ መከለል፥ መጠበቅ ነው። ግሪኮች ‹ፓራዴይሶስ› ያሉት ቃል ከጥንት ፋርሶች የተዋሱት ሲሆን ትርጓሜው ዙሪያውን የታጠረ ማለት ነው። እኛም ዐጸድ ስንል የተከለለውን ግቢ፥ የወይኑንም ቦታ፥ የቤተ ክርስቲያኑንም ዙሪያ በአንድ ስም እንጠራለን። እንግዲህ የቀደሙት ሰዎች ለአትክልት ስፍራ ስም ባወጡለት ጊዜ ነገራቸውን ከዐጥሩ ጀመሩ፤ ከዱር የሚለየው እርሱ ነውና።

ስለ ዐጥር ለመጻፍ ያነሣሣኝ በወልቂጤና በቡታጅራ እየተመላለስሁ ባስተማርሁባቸው ዓመታት ያየሁት ነገር ነው። በአንድ ወገን አባቶች የተከሉት ሕያው ዐጥር እየተነቀለ በቆርቆሮና በብሎኬት ይተካል፤ በሌላ ወገን ደግሞ ዐቅም ያለው ሰው ያንኑ ዐጥር ባስነቀለበት ግቢ፥ በበሩ ግራና ቀኝ፥ ከባሕር ማዶ የመጣ የዐጥር ተክል በሸክላ ተክሎ ያኖራል። የአገሩ ዐጥር የድኽነት ምልክት፥ የባዕዱ ዐጥር የሥልጣኔ ምልክት ሆኖ ይታያል። እኔ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ በመረመርሁ ጊዜ፥ ባዕዱን ተክል ያስከበረው ነገር አስቀድሞ በእኛ ዐጥር ውስጥ እንዳለ ተረዳሁ። የተወደዳችሁ አንባቢዎች፥ ይህን በቅደም ተከተል እንዳስረዳ ፍቀዱልኝ።

በሸክላ የሚኖረው ያ ተክል ቡክሱስ ይባላል። ስሙ የላቲን ነው፤ ግሪኮች ፒክሶስ፥ እንግሊዞች ቦክስ፥ ፈረንሳዮች ቡዊ ይሉታል። በቡታጅራ አንድ ነጋዴ ወዳጄ ከአዲስ አበባ ችግኝ ሻጮች የገዛቸውን ሁለት እግር ቡክሱሶች በደጃፉ ተክሎ ነበርና፥ ወደ ቤቱ በሄድሁ ቍጥር እየተመለከትሁ አራት ዓመት ያህል ተከታተልኋቸው። ቅጠሉ ከጌሾ ቅጠል እጅግ ያነሰ፥ የእንቍላል መልክ ያለው፥ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚበቅል ነው፤ ላዩ ጥቍር አረንጓዴና የሚያብለጨልጭ፥ ታቹ ፈዘዝ ያለ ነው። በበጋም በክረምትም አይረግፍም። አበባው ደቃቅ ስለ ሆነ ዐላፊ አግዳሚ ልብ አይለውም፤ ሽታው ደግሞ ፀሐይ ሲያገኘው ከበድ ስለሚል የሚወደውም የሚጠላውም አለ። ቅጠሉ መርዝነት ስላለው ለከብት አይሰጥም።

ወዳጄ በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ‹የኔታ፥ ይህ ተክል ታሞ ይሆን? ከገዛሁት ጀምሮ ይኸው እንደ ነበረ ነው› ብሎ ጠየቀኝ። አልታመመም፤ ጠባዩ ነው። ቡክሱስ በተስማማው መሬት እንኳ በዓመት ከአንድ ስንዝር አያልፍም፤ ለመደብ ዳርቻ የሚተከለው ድንክ ዓይነት የሚጨምረው ሁለት ሦስት ጣት ብቻ ነው። ባሕር ዛፍ በአንድ ዓመት የሚወጣውን ቁመት ቡክሱስ በዐሥር ዓመትም አይደርስበት ይሆናል። እንጨቱም ከዝግታው የተነሣ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ከክብደቱ የተነሣ ብዙ ጊዜ ውኃ ውስጥ ይሰጥማል። ማበጠሪያው፥ ዋሽንቱ፥ ማስመሪያው ከእርሱ ሲሠራ ኖሯል። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በእንግሊዝ አገር ቶማስ ቢዊክ የተባለው ቀራጺ የቡክሱስን ግንድ አግድም ቈርጦ በተቈረጠው ፊቱ ላይ ረቂቅ ሥዕል እየቀረጸ ለማተሚያ አዋለው፤ በ19ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ መጻሕፍትና ጋዜጦች ላይ ከወጡት ሥዕሎች ብዙዎቹ በዚህ እንጨት የተቀረጹ ናቸው።

ለመጻሕፍት ሰው ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አለው። ግሪኮች ከዚሁ ዛፍ ስም ‹ፒክሲዮን› የሚል ቃል አውጥተዋል፤ የሚጻፍበት ሰሌዳ ማለት ነው፤ ሰሌዳው ከዚህ እንጨት ይሠራ ነበርና። ሰብዓ ሊቃናት ብሉይ ኪዳንን ወደ ግሪክ በመለሱ ጊዜ፥ ነቢዩ ዕንባቆም ያየውን እንዲጽፍ በታዘዘበት በምዕራፍ 2 ቍጥር 2 ይህንኑ ቃል አኖሩ፤ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 24 ቍጥር 12 ስለ ድንጋዩ ጽላት ሲናገሩም በዚሁ ቃል ተጠቀሙ። ስለዚህ የድንጋዩ ጽላት እንኳ በግሪኩ ስሙን ከዚህ ቍጥቋጦ ተዋሰ። በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 60 ቍጥር 13 መቅደሱን ያስጌጡ ዘንድ ከሚመጡት ዛፎች አንዱን ዕብራይስጡ ‹ተአሹር› ይለዋል፤ ሄሮኒሞስ ይህን ቍጥር ወደ ላቲን ሲመልስ ቡክሱስን ከዛፎቹ መካከል አኖረ፤ ከኋለኞቹ ሊቃውንት ግን ከጽድ ወገን ነው የሚሉ አሉ። ክርክሩን ለባለሙያዎቹ እተዋለሁ፤ ቡክሱስም ቢሆን ጽድ፥ ለመቅደስ ጌጥ ሊሆን የተጠራው ዘወትር የሚለመልም ዛፍ መሆኑ ይበቃኛል። የቡክሱስ ዘመድ በአገራችን መኖሩንም ብዙ ሰው አያውቅም፤ በምሥራቅ ኢትዮጵያ በሐረርጌ በኩል፥ በሶማሌ ምድርና በሶቆጥራ ደሴት የሚበቅል ዓይነት አለ፤ የዕፅ ሊቃውንትም በጀርመናዊው ተጓዥ በሂልደብራንት ስም ይጠሩታል።

ቡክሱስን በገነት ውስጥ ያስከበረው ግን እንጨቱ አይደለም፤ መቍረጫን መታገሡ ነው። ከሌላው ዛፍ በተለየ ደጋግመው በከረከሙት ቍጥር እየጠቀጠቀ፥ ፊቱ እንደ ተወጠረ ብራና እየተስተካከለ ይሄዳል፤ ከአሮጌ ግንዱም ቢቈርጡት ያቈጠቍጣል። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው መቶ ዓመት በሚሻገረው ዘመን የነበረው ሮማዊው ታናሹ ፕሊኒዮስ በቱስካና አገር ስለ ነበረው ርስት ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፥ በገነቱ ውስጥ ቡክሱሱ በአራዊት መልክ ተቈርጦ ፊት ለፊት እንደ ቆመ፥ በሌላም ስፍራ በፊደል ቅርጽ ተከርክሞ አንድ ጊዜ የጌታውን፥ አንድ ጊዜ የአትክልተኛውን ስም እንደሚያስነብብ ተርኳል። ይህ የአትክልተኛው ስም ነገር እጅግ ደስ ያሰኘኛል። በድንጋይ ላይ ስሙ የሚጻፈው ጌታው ነው፤ በቅጠል ላይ ግን ሠራተኛውም ተጻፈ፤ በየዓመቱ ካልከረከመው ከጌታው ስም ጋራ የእርሱም ስም ይጠፋልና።

ከዚያ ወዲህ በ17ኛው መቶ ዓመት ሉዊ 14ኛ በቬርሳይ ባሠራው ገነት፥ አንድሬ ለ ኖትር የተባለው የአትክልት ባለሙያ ድንኩን ቡክሱስ በመሬት ላይ እንደ ሐረግ እያዞረ ተከለው፤ ፈረንሳዮችም ይህን ዓይነት ሥራ በጥልፍ ስም ይጠሩታል። ዘንባባ በማይበቅልበት በፈረንሳይና በጀርመን ገጠር የካቶሊክ ምእመናን ለሆሣዕና የቡክሱስ ቅርንጫፍ ያስባርካሉ። በእንግሊዝ አገር በሃምፕተን ኮርት ቤተ መንግሥት ግን ንጉሥ ዊልያም በ1702 ሲሞት የተተካችው ንግሥት አን ሽታውን ስለ ጠላችው ከገነቱ አስነቀለችው። ያ ገነት በ1702 እንደ ነበረ ሆኖ ተተክሎ ያለቀው በ1995 ነው። ንቀሉ ብሎ ለማዘዝ አንድ ቃል በቃ፤ እንደ ነበረ ለመመለስ ግን ወደ 300 ዓመት የሚጠጋ ዘመን ዐለፈ። (የውጭ አገሩን ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ጽፌዋለሁ።)

ስለ አያያዙም ጥቂት ልናገር። ቡክሱስ ውኃ የሚተኛበትን መሬት አይወድም፤ ሥሩ ከላይ ከላይ የሚሄድ ስለ ሆነ አፈሩን በጥልቅ መኰትኰት ይጎዳዋል፤ ከሥሩ ደረቅ ቅጠል ወይም ብስባሽ አልብሶ ርጥበቱን መጠበቅ ይሻላል። የሚራባው በቍራጭ ነው፤ አንድ ጣት የሚያህል ቀንበጥ ተቈርጦ በጥላ ሥር ርጥብ አፈር ላይ ሲተከል ከወራት በኋላ ሥር ያወጣል። ሲከረከም ፀሐይ በምትከርበት ቀን ሳይሆን ሰማዩ ደመና ባለበት ቀን ይሁን፤ አዲስ የተቈረጠ ቅጠል በፀሐይ ይለበለባልና። የግርጌው ከራስጌው ጥቂት ሰፋ ብሎ ይቈረጥ፤ ራስጌው ከሰፋ ጥላው በግርጌው ላይ ይወድቅና ታችኛው ቅጠል ይሞታል። ይህ የመጨረሻው ደንብ ለቡክሱስ ብቻ ሳይሆን ለዐጥር ሁሉ የሚሠራ ስለ ሆነ፥ አንባቢ በቤቱ ዐጥር ቢሞክረው በአንድ ዓመት ውስጥ ልዩነቱን ያያል።

ቅኔ ቤት ለኖረ ሰው ይህ ሥራ እንግዳ አይደለም። በጎጃም በተማርሁበት ጉባኤ፥ ቅኔ ቈጠራ ስንወጣ እያንዳንዱ ተማሪ የራሱ ሥውር ስፍራ ነበረው፤ የእኔ ከአንድ የሰንሰል ዐጥር ሥር ነበረ። በማታው ነገራ መምህራችን ለጉባኤ ቃና የቈጠርሁትን ሲሰሙ ያተረፍሁትን ቃል ሁሉ ይቈርጡት ነበር። መጀመሪያ ላይ ከሰውነቴ የተቈረጠ ያህል ያመኝ ነበር፤ ኋላ ግን ቤቱ ሳይሰበር፥ ዜማው ሳይጎድል፥ በሁለት ቤት ውስጥ ብዙ ነገር መግባት እንደሚችል አየሁ። የቅኔው ቤት ዐጥር ነው፤ ምሥጢሩም የሚለመልመው በውስጡ ነው። ስለዚህ ቬርሳይን ባላየውም፥ የዚያ አትክልተኛ እጅ ምን ይሠራ እንደ ነበረ የማውቀው ይመስለኛል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በሰባት ቤት ጉራጌ መንደር የገባ እንግዳ አስቀድሞ የሚያየው ጀፎሮን ነው። ጀፎሮ በመንደሩ መካከል የሚያልፍ ሰፊ የሣር ጐዳና ነው፤ ቤቶቹ በግራና በቀኝ ፊታቸውን ወደ እርሱ መልሰው ይሠራሉ፤ ከየቤቱ ፊት ዐጥር፥ ከየቤቱ ጓሮ እንሰት አለ። በጀፎሮው ላይ ሠርግ ይደገሳል፥ ለቅሶ ይቀመጣል፥ ሽማግሌ ይፈርዳል፥ ፈረስ ይጋለባል፥ ጥጃ ይግጣል፥ ልጆች ይጫወታሉ። የመስቀል በዓል ሲደርስ በየአገሩ የተበተነው የጉራጌ ልጅ የሚገባው በእርሱ በኩል ነው። የማንም አይደለም፥ የሁሉም ነው። ጠባቂውም የጆካ ቂጫ የሚባለው የአገሩ ባህላዊ ሕግ ነው፤ ከጀፎሮው ቈርሶ ወደ ግቢው ያስገባ ሰው በሽማግሌዎች ፊት ይቆማል። የዐጥሩ መሥመር ከትውልድ ወደ ትውልድ ሳይዛነፍ የኖረው በዚህ ነው። እኔ በበኩሌ የታሪክ ገነት የትኛው ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር፥ መልሴ ይህ ነው፤ በንጉሥ ትእዛዝ ሳይሆን በጎረቤታሞች ስምምነት የተሠመረ፥ ሣሩ የታጨደ፥ ዳርና ዳሩ በሕያው ዐጥር የተከፈፈ፥ መቶ ዓመታትን የተሻገረ ገነት።

ዐጥሩ የሚተከልበትን ዕፅ አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዳሩ ግን በየደጃችን ስለ ሆነ ንቀነዋል። ኮሽም እሾኻም ነው፤ ከጠበቀ ውሻም አያሳልፍ፥ ኮምጣጣ ፍሬውም ለልጆች ነው። ሰንሰል በቍራጭ ይያዛል፤ ነጭ አበባ ያብባል፥ ንብም ይወደዋል፤ ከብት እምብዛም ስለማይነካው ለዐጥር ይመቻል። ቆርች ወፍራም ግንዱ ተቈርጦ ቢተከል እንኳ ያቈጠቍጣል፤ ቀይ አበባውም ከሩቅ ይታያል። ቅንጭብ በደረቅ መሬት ይጸናል፤ ወተቱ ግን ዓይን የሚያጠፋ ስለ ሆነ ቈራጩ ይጠንቀቅ። ግራዋ ለእንስራ ማጠቢያም ለዐጥርም ነው። ጽድ የአገራችን ነው፤ የፈረንጅ ጽድ የምንለው ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ሲሆን ለመከርከም የተመቸ በመሆኑ በከተሞቻችን ሁሉ ገብቷል። ጽድን የሚቈርጥ ሰው ግን ይህን ይወቅ፤ እንደ ቡክሱስ ከአሮጌ ግንዱ አያቈጠቍጥም፤ አረንጓዴውን አልፎ ወደ ደረቁ የገባ መቍረጫ ለሁልጊዜ የማይደፈን ቀዳዳ ይተዋል። ስለዚህ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት መከርከም ነው እንጂ፥ ዐምስት ዓመት ትቶ በአንድ ቀን ልቍረጠው ማለት አይሆንም።

እንግዲህ ግንብ ለምን ተመረጠ? የግንብ ወዳጆችን ነገር ሳይሰሙ መፍረድ ተገቢ አይደለም። ከዓመታት በፊት ስሙን መጥራት በማያስፈልግ በአንድ አጥቢያ፥ የቤተ ክርስቲያኑን ዙሪያ ዐጥር ነቅሎ በብሎኬት ለማጠር ጉባኤ ተደርጎ እኔም ተጠርቼ ነበር። ዐጥሩ ኮሽምና ሰንሰል፥ በየመካከሉም ጽድ ያለበት ነበር። አንዱ የጉባኤው አባል ተነሥተው ‹የኔታ፥ እርስዎ ስለ ዐጥሩ ውበት ይነግሩናል፤ እኛ ደግሞ ባለፈው ክረምት ከዕቃ ቤቱ ስለ ተነቀለው ቆርቆሮ እንነግርዎታለን። ከብቱ ይገባል፥ ሌባው ይገባል፤ የሚከረክም ሰው ደግሞ የለም። ግንብ አንድ ጊዜ ተሠርቶ ያርፋል› አሉ። እውነት ነበራቸው። ዐጥሩ ከገበያው ወገን በሦስት በአራት ስፍራ ተበሳስቶ ሰው እንደ ልቡ ይመላለስበት ነበር።

እኔ የመለስሁት በመጨረሻው ቃላቸው ላይ ነው። ‹ያርፋል ያሉት ግንቡ ነው ወይስ እኛ?› አልሁ። የዐጥር ቀዳዳ የሚናገረው ስለ ኮሽሙ አይደለም፤ በየዓመቱ እየወጣ ዐጥሩን ይጠግን የነበረው ሰው መቅረቱን ነው። ግንብ ያንን ሰው አይመልስልንም፤ መቅረቱን ይሸፍንልናል እንጂ። ደግሞም የግንቡ ወጪ የደብሩን የብዙ ዓመት ገቢ የሚበላ ነበረ፤ ለመምህርና ለተማሪ ድርጎ የሚሆነው ከዚያው ሣጥን ነው። ክርክሩ ብዙ ከቆየ በኋላ በገበያው ወገን ብቻ ግንብ እንዲሠራ፥ በቀሩት በሦስቱ ወገኖች ዐጥሩ እንዲጠገን ተስማሙ። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በሰኔ ወር የኮሽም ችግኝ በየቀዳዳው ተከሉ።

ውጤቱን ያለ አድልዎ ልናገር። በግንቡ ወገን ስርቆት ቆሟል፤ ይህ አይካድም። ዳሩ ግን የግንቡ ሥር የመንገደኛ መጸዳጃ ሆነ፤ የሚቈጣም የለም፤ በዚያ ወገን ዘወትር የሚቆም ሰው የለምና። በሦስቱ ወገኖች ኮሽሙ በሁለት ክረምት ደረት ደረሰ፤ ዛሬ ጠጕረ ለስላሳ ውሻ እንኳ አያልፈውም። በየዓመቱ በጳጕሜን ዐጥሩን ለመከርከም አጎራባቾቹ ይወጣሉ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፥ ዐጥሩ የሁለቱንም ግቢ የሚያዋስን ስለ ሆነ፥ በወዲያና በወዲህ ቆመው ይከረክማሉ። አንዱ ማጭድ ያውሳል፥ አንዱ ቡና ያቀርባል፤ ከርሞ የተኳረፈ ካለ በዚያ ቀን ይነጋገራል። ግንብ ይህን ሥራ አይሠራም። የሚጠገን ድንበር ሰውን በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ፊት ለፊት ያገናኛል፤ የማይጠገን ድንበር ግን ሁለቱን ወገን በየፊናው ይተዋቸዋል።

‹ታዲያ ውበትን ከፈለግን ለምን ቡክሱሱን ራሱን በየጀፎሮውና በየደብሩ አንተክልም?› የሚል አንባቢ አይጠፋም። ወዳጄ ነጋዴውም ይህን ጠይቆኛል። በሸክላ ሁለት እግር ማኖሩን የሚከለክል የለም። መንደሩን ሁሉ በእርሱ ማጠር ግን፥ ቡክሱስ በራሱ አገር በዘመናችን የደረሰበትን አለማወቅ ይሆናል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በእንግሊዝ አገር ቅጠሉን የሚያጠቍርና የሚያረግፍ የሻጋታ በሽታ ታየበት፤ ከዚያም ወደ ብዙ አገር ተዛመተ። በሽታው በርጥበት ይጸናል፥ በመቍረጫም ከተክል ወደ ተክል ይሄዳል። በ2007 ደግሞ ከምሥራቅ እስያ የመጣ የእሳት እራት በጀርመን ተገኘ፤ ትሉ ቅጠሉን ጨርሶ ቅርፊቱን ይግጣል። ከሁሉ የሚያሳዝነው በካውካስ የሆነው ነው። ሩስያ በ2014 በሶቺ ላደረገችው የክረምት ኦሊምፒክ ከተማዋን ለማስዋብ በ2012 ከኢጣልያ የቡክሱስ ችግኝ ሲመጣ ትሉ አብሮ ገባ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ከጥንት ጀምሮ የነበረውን የዚያን ተራራ የቡክሱስ ዱር አወደመው። ለጌጥ የመጣው ችግኝ የአገሩን ባለርስት ገደለ።

ለጉራጌ ሰው ይህ ታሪክ አዲስ ሊሆንበት አይገባም። እንሰትን የሚያጠወልገው የባክቴሪያ በሽታ በአገራችን መኖሩን ሊቃውንት በ1968 ጽፈው ካሳወቁ ጀምሮ፥ መንገዱ አንዱ ቢላዋ እንደ ሆነ ሲነገር ኖሯል። የታመመውን እንሰት የቈረጠ ቢላዋ ሳይጸዳ ጤነኛውን ሲነካ በሽታው ይሸጋገራል። ስለዚህ ገበሬው ቢላዋውን በእሳት እንዲያጋይ፥ የታመመውን ነቅሎ እንዲቀብር ይመከራል። በእንግሊዝ አገር ያለው አትክልተኛም ዛሬ ከቡክሱስ ወደ ቡክሱስ ሲሻገር መቀሱን እያጸዳ ነው። አንዱ ለምግቡ፥ አንዱ ለጌጡ፥ ሁለቱም በአንድ ሥርዐት ገብተዋል። የሁለቱም ትምህርት አንድ ነው፤ መሬቱን ሁሉ ለአንድ ዓይነት ተክል የሰጠ ሰው፥ መሬቱን ሁሉ ለአንድ ዓይነት በሽታ አዘጋጅቷል። የእኛ ዐጥር ከዚህ የሚተርፈው ድብልቅ በመሆኑ ነው፤ ሰንሰሉ ቢታመም ኮሽሙ ይቆማል፥ ኮሽሙ ቢደርቅ ቆርቹ ይይዛል።

ስለዚህ የምመክረው ቀላል ነው። ዐጥር ያለው ሰው ከመንቀሉ በፊት ይከርክመው፤ አስቀያሚ ያደረገው አለመቈረጡ እንደ ሆነ ከሁለት ዓመት በኋላ ያየዋል። ቀዳዳ ያለበት በሰኔና በሐምሌ፥ መሬቱ ውኃ በጠጣ ጊዜ ይትከል፤ አንድ ዓይነት ብቻ ሳይሆን ሁለት ሦስት ዓይነት ያሰባጥር። ክርከማው አንዱ ዝናም ሲያበቃ፥ ሁለተኛው ካስፈለገ ከክረምቱ መግቢያ በፊት ይሁን። ግርጌው ከራስጌው ይስፋ። ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው የሚዋስ ማጭድና መቀስ በመካከሉ ታጥቦ በእሳት ይለፍ። ግንብ የግድ በሚሆንበት ስፍራ እንኳ ከውጭው ፊት ሕያው ተክል ይኑር። በወልቂጤና በቡታጅራ ከተማ የሚመሩ ወንድሞቻችንም አዲስ መንገድና አዲስ ሰፈር ሲቀይሱ፥ ከባሕር ማዶ ምሳሌ ከመፈለጋቸው በፊት በአቅራቢያቸው ያለውን ጀፎሮ ወጥተው በእግራቸው ይለኩት፤ የስፋቱን ምክንያት፥ የዐጥሩን መሥመር፥ የሽማግሌዎቹን ሕግ ይጠይቁ።

ካህናት አባቶችና ወንድሞች ደግሞ አንድ ነገር ከእኛ እንደሚጠበቅ አንርሳ። በአገራችን በብዙ ስፍራ ጥንታዊ ዛፍ ተርፎ የሚገኘው በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ውስጥ ነው፤ የተረፈውም ዐጥር ስለ ነበረው ነው። ወይራውንና ዝግባውን ከከብትና ከመጥረቢያ የጠበቀው በዙሪያው የነበረው ኮሽም፥ ኮሽሙንም የጠበቀው በየዓመቱ የወጣው የምእመኑ እጅ ነው። የዘንድሮው ክረምት ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ ደብር ዙሪያውን አንድ ጊዜ ዞሮ ቀዳዳውን ቢቈጥር፥ ለያንዳንዱም ቀዳዳ ሁለት ሁለት ችግኝ ቢያሰናዳ፥ ይህ ጽሑፍ ዋጋውን አገኘ እላለሁ።